ድምፁ የተዘጋ አሥራ አንድ ደቂቃ

ለይኩን በሰፈራችን የሚታወቀው በዝግታው ነው። የሠርግ ፊልሙን ለእሱ የሰጠ ሰው የሚረከበው የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱ አይቆጣም። «ጥሬ አላወጣም» ይላል፣ ሁልጊዜ ያችኑ። ፊልሙ ተቆርጦ፣ ተለቅሞ፣ ድምፁ ተስተካክሎ፣ የሙሽሮቹ ስም በአበባ መሃል ካልተጻፈበት ከእጁ አይወጣም።

ሱቁ ከፈረንሳይ ኤምባሲ አጥር ሽቅብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ነው። እኔ ከፊት ለፊቱ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። የምጽፈውን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከፊሉን እሱ ራሱ ዝናብ ባገተን ቀን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነግሮኛል። የሰውን ሐዘን እንደሚገባው መጻፌን እንጃ፤ ብቻ ላለመጨመር ሞክሬአለሁ።

ተወልዶ ያደገው ላይ፣ እንጦጦ ማርያም አካባቢ ነው። አባቱ የባሕር ዛፍ ደን ጠባቂ ነበሩ። ሃያ ዓመት ሳይሞላው አንዲት ያገለገለች ካሜራ አግኝቶ ለንግሥ የሚወጡ ሰዎችን ፎቶ ማንሣት ጀመረ። አንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ነው፤ የተበላሸው ተበላሸ። ስለዚህ ሰውየው ዓይኑን እስኪገልጥ፣ ነፋሱ ነጠላዋን እስኪተውላት መጠበቅ ለመደ። ምንም ነገር አለማባከንም ከዚያው የመጣ ጠባይ ነው። ኋላ ቪዲዮ ሲመጣ ወደ ታች ወርዶ ይህን ሱቅ ተከራየ፤ የቪዲዮ ካሴቱንም እንደ ፊልሙ ቆጠበው። የቀረጸውን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጥና በዚያው ካሴት ላይ የሚቀጥለውን ሠርግ ይቀርጽበታል። የነበረው አራት ካሴት ብቻ ነው። በአራት ካሴት የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ዳረ።

በ2001 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ወደ ሱቁ መጡ። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ናቸው፤ ቡናማ ባርኔጣ ከራሳቸው አይለይም፤ ንግግር አያበዙም። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሀይማኖት ነበረች። ሀይማኖት የምታገባው ቅዱስ የሚባል የቢሮ ሠራተኛ ሲሆን፣ ቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ነው። አባት ይህን ከሰሙ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ከ«እንደምን አደርሽ» የዘለለ ቃል አልተናገሯትም።

«የሀይማኖትን ሠርግ የምታነሣው አንተ ነህ አሉ» አሉት፣ እንደቆሙ።

«አዎ ጋሼ። ግንቦት ዘጠኝ ነው።»

«እኔ እዚያ አዳራሽ አልገባም።»

ለይኩን ወንበር ሳበላቸው። «ይቀመጡ እንጂ» አለ።

«የምላት ነገር አለኝ። ፊት ለፊት አይወጣልኝም። በዚህ ዕቃህ ያዝልኝና ከሠርጉ ፊልም ጋር ስጣት። ከእሷ በፊት ሰው እንዳይሰማው።»

«እኔ እንኳ ድምፁን መከታተል ይኖርብኛል።»

«አንተም ሰው ነህ። አስነሣውና ውጣ። ስጨርስ እጠራሃለሁ።»

ለይኩን ወፍጮውን ለጥቂት ጊዜ እንዲያቆሙለት ለመነ። ሽማግሌውን ከሰማያዊው መጋረጃ ፊት አስቀመጠ፣ ትንሿን ማይክሮፎን ኮታቸው ላይ ሰካ፣ መብራቱን አበራ። ቁልፉን ተጭኖ በካሜራው ዓይን ሲያያቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ ወጣ። እኔም አየሁት፤ ከሱቁ ደጃፍ ርቆ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ ዘበኛ ቆሞ ነበር። «ምን ትሠራለህ?» ስለው፣ «አደራ እጠብቃለሁ» አለኝ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ነው የቆዩት። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን በዚያ መብራት ፊት የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ሁሉ ይቀላል። «አደራ» ብለውት ሽቅብ ሄዱ።

በዚያው ቀን የቀረጸውን ወደ ኮምፒውተሩ ገለበጠ። ሲገለበጥ ምስሉ እየታየ፣ ድምፁም እየተሰማ ነው። ለይኩን ድምፁን ዘጋ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አየ፤ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ሲጀምር የስክሪኑንም መብራት አጥፍቶ ወጣ። ተመልሶ ሲከፍተው መጨረሻው ላይ ደርሷል። ዝም ብለው ካሜራውን ያያሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ። ይኸው ነው። ካሴቱን አውጥቶ ከሦስቱ ጋር አስቀመጠው፤ ግንቦት ዘጠኝ ቀን የሀይማኖትን ሠርግ ቀረጸበት።

በሠርጉ ማለዳ አባት ደጃፍ ድረስ ሸኟት። «ለይኩን ዘንድ ያስቀመጥኩልሽ ነገር አለ» ብቻ አሏት። በአዳራሹ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ከሠርጉ በአምስተኛው ሳምንት ጋሽ ዓምደ ሚካኤል እንደተኙ አልነቁም።

ለቅሶው ላይ እህታቸው እትዬ ወለተጊዮርጊስ ድንኳኑ ውስጥ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድሜን በቂም ሸኘችው! ሳይመርቃት ሄደ!» ብለው አለቀሱ። ሦስተኛው ቀን እንዳለፈ ሀይማኖት ጥቁሯን እንደለበሰች ወደ ለይኩን ሱቅ ወረደች። የዚያን ቀን በመብራት ፈረቃው የእኛ ሰፈር ተራ አልነበረም፤ መብራት የለም።

«ጋሽ ለይኩን፣ አባዬ ያስቀመጠልኝ ነገር…»

«አለ፣ አለ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው።»

«ነገ መብራት ሲመጣ ልውሰደው?»

«አሁን ጥሬ ነው፣ እመቤቴ።»

«ጥሬውንም ቢሆን ስጠኝ።»

«እንደዚያማ አይሆንም። ከሠርግሽ ፊልም መጀመሪያ አስገብቼ፣ በክብር ነው የምሰጥሽ። እሳቸውም ከሠርጉ ጋር ነው ያሉት። ከአርባው በፊት በእጅሽ ነው።»

«አክስቴ የምትለውን ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«አርባው ላይ እሷ ባለችበት ነው የምከፍተው። መርቆኝ ከሆነም ትስማ፣ ረግሞኝ ከሆነም ትስማ። ብቻ እኔም ልስማው» አለች።

ያ ክረምት የፈረቃ ክረምት ነበር። መብራት አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል፤ በሚመጣበትም ቀን ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ነው፣ እሱም እየተቆራረጠ። የለይኩን ኮምፒውተር የሁለት ሰዓት ፊልም ጨርሶ ለማውጣት አሥራ ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። መሃሉ ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ እንደ ገና ከአንድ ይጀምራል። ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተቋረጠበት። በሦስተኛው ሱቄ መጥቶ ወንበር ላይ ወደቀ። «ዘጠና በመቶ ደርሶ ነበር» አለ። እኔም የአሥራ አንድ ደቂቃዋን ብቻ ለምን አትሰጣትም አላልኩትም። ማለት ነበረብኝ።

አዋሳ ኮምፒውተር የሚሠራ ኤጀታ የሚባል አብሮ አደጉ ነበር። ደወለለት።

«አሥራ ስድስት ሰዓት?» ኤጀታ ሳቀ። «በአሥራ ስድስት ሰዓትማ እኔ በእግሬ እደርስልሃለሁ።»

«አትቀልድ። አደራ አለብኝ።»

«እሺ ስማ። የሚጎትትህ ዲስክህ ነው። ስታስነሣው ኤፍ ሁለትን ተጫን፤ ባዮስ የሚባለው የማስተካከያ ገጽ ውስጥ ትገባለህ። እዚያ ዲስኩን የሚያዘው ክፍል በድሮው ዘዴ ነው የሚሆነው፣ አይ.ዲ.ኢ. ይላል። ከጎኑ ኤ.ኤች.ሲ.አይ. የሚል ታገኛለህ። ወደ እሱ ቀይረው። የእኔን እንደዚያ ካደረግሁት ወዲህ ይበራል።»

«አይበላሽም?»

«አንዲት ቃል ነው የምትቀይረው ለይኬ፣ ሞተር አታወርድም።»

በማግስቱ ጠዋት፣ መብራት በመጣበት ቀን፣ ለይኩን እንደተባለው አደረገ። ጥቁርና ሰማያዊው ገጽ ውስጥ ገባ፣ ቃሉን አገኘ፣ ቀየረው፣ አስቀምጦ ወጣ። ልክ በዚያች ቅጽበት የሱቁ አምፖል ብልጭ ብሎ ጠፋና ተመልሶ በራ። ኮምፒውተሩ እንደ ገና ተነሣ። የዊንዶውሱ ምልክት መጣ፤ ከዚያ በነጭ ጽሑፍ የተሞላ ሰማያዊ ገጽ እንደ መብረቅ ታይቶ ጠፋ። ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። እንደ ገና ሰማያዊ። የዊንዶውሱን ሲዲ ከተተ። ሲዲው ብዙ ከዞረ በኋላ በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ሃርድ ዲስክ የለም አለው።

በዚያ ክረምት የሞተ ነገር ሁሉ ገዳዩ መብራት ነበር። የወፍጮው ሞተር ተቃጥሏል፣ የፀጉር ቤቷ ማድረቂያ ካስክ ተቃጥሏል፣ የእኔም ሬዲዮ ዝም ብሏል። ለሁሉም የሚባለው አንድ ነው፦ መብራት በላው። ማንም ከዚያ ወዲያ አይጠይቅም። ለይኩንም ሰማያዊውን ገጽ ሳይሆን ብልጭ ያለችውን አምፖል አሰበ። ለኤጀታ ደወለ።

«ዲስኩ ሞተ።»

«ቀይረኸው ነበር?»

እዚህ ላይ ለይኩን የተናገረውን ዛሬም ድረስ ሲነግረኝ ወደ መሬት ያያል። በጣቱ አበላሸው መባልን ፈራ።

«አይ» አለ። «ገና ሳልነካው መብራቱ ብልጭ አለ።»

«በቃ በልቶታል። መብራት የበላው ዲስክ አይነሣም፣ አትድከም። እግዜር ይተካልህ።»

ለሀይማኖት የነገራት እኔ ሱቅ በር ላይ ነው፤ ወደ ቤቷ ለመሄድ አቅም አጥቶ መንገድ ላይ ጠብቆ። ጃንጥላዋን እንደያዘች ሰማችው።

«ሌላ ቦታ የለም? ካሴቱስ?»

«ካሴቱ ላይ… ሠርግሽ ነው ያለው።»

«በአባቴ ላይ እኔን ቀረጽክበት?» አለችው።

መልስ ሳትጠብቅ ጃንጥላዋን ዘቅዝቃ፣ ዝናቡ እየመታት ሽቅብ ወጣች።

አርባው ወጣ። ጸሎቱ አልቆ ሰው ከተመገበ በኋላ እትዬ ወለተጊዮርጊስ፣ «አባቴ ያስቀመጠልኝ ነገር አለ ስትል አልነበር? የታለ ታዲያ?» ብለው ጠየቁ። ሀይማኖት «መብራት በላው» አለች። አንዳንዱ ሰው ሳቀ አሉ። እኔ አልሄድኩም፤ ለመሄድ ፊት አልነበረኝም።

ነሐሴ አለፈ። ለይኩን ሱቁን ቢከፍትም አይሠራም ነበር። የሞተውን ዲስክ ከኮምፒውተሩ ፈትቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው፤ በገባ በወጣ ቁጥር ያየዋል። ጳጉሜን ሁለት ቀን ለአዲሱ ዓመት ሠርጎች ብሎ አዲስ ዲስክ ይዞ መጣ። ሳጥኑን ገና ሳይከፍት «ቆራሌው!» የሚል ድምፅ በመንገዱ መጣ። ቆራሌው ጆንያ የተሸከመ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው። ለይኩን የተሰበረ የካሜራ እግር፣ ያረጁ ባትሪዎችና ያንን ዲስክ አውጥቶ ሰጠው።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው ጋሼ?»

«ሬሳ ነው።»

«ሬሳም ብረት አለው» ብሎ ቆራሌው ወደ ጆንያው ጣለው።

ለይኩን ተመልሶ አዲሱን ዲስክ ገጠመ። ሲዲውን ከተተ። ሲዲው ዞሮ ዞሮ በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ሃርድ ዲስክ የለም አለ። ነቅሎ ገጠመ። ገመዱን ቀየረ። የለም። ስልኩን አነሣ።

«አዲሱንም የለም አለኝ።»

«ከሳጥን የወጣ?» አለ ኤጀታ።

«አሁን የወጣ።»

ኤጀታ ቀስ ብሎ፣ «ለይኬ፣ ያኔ ነክተኸው ነበር እንዴ?» አለው።

«ነክቼው ነበር።»

«ዊንዶውስህ ምንድነው?»

«ኤክስፒ።»

«ወይ ጉድ! የእኔ አዲሱ ነው፤ ያንተን አልጠየቅሁህም፣ ጥፋቱ የእኔም ነው። ኤክስፒ ያንን ዘዴ ካላስተማሩት አያውቀውም። ዲስኩ ፊቱ እያለ የለም ይላል። ቃሉን ወደ ድሮው መልሰው፤ ይታይሃል።»

ለይኩን ስልኩን ሳይዘጋ ቃሉን ወደ አይ.ዲ.ኢ. መለሰ። ሲዲው አዲሱን ዲስክ ወዲያው አገኘው።

«አሮጌውስ?» አለ ለይኩን።

«አሮጌው ምንም አልሆነም ነበራ። አሁኑኑ መልሰህ ክተተው።»

ከሱቁ ሲወጣ አይቼዋለሁ። በሩን አልዘጋም፤ ኮት አልለበሰም። እኔን «በየት ሄደ?» አለኝ፤ ሽቅብ አመለከትኩት። በእኛ ሰፈር ቆራሌው አንድ አይደለም። ለይኩን ድምፅ እየተከተለ እስከ ባሕር ዛፉ ሥር ወጣ፤ ያገኘው ሌላ ሰው ነበር። ጆንያውን አስዘርግፎ ጫማና ጠርሙስ አየ። ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ከሌላ ቅያስ ሌላ ድምፅ ሰማ። የእሱን ሰው ያገኘው ከቀትር በኋላ፣ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ ነው። ጆንያው ባዶ ነበር።

«ብረቱንማ መኪና ወሰደው» አለው ቆራሌው። «ምናለሽ ተራ ነው የሚራገፈው። ሬሳ ነው አላልከኝም እንዴ?»

በማግስቱ መርካቶ ወረደ። ምናለሽ ተራ ውስጥ ሰዎች ዲስክ በመዶሻ እየፈለጡ አሉሚኒየሙን ለብቻ፣ ውስጡ ያለውን የሚያብረቀርቅ ክብ ለብቻ ይከምራሉ። ክቦቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ለይኩን አጠገባቸው ቆሞ ቆየ። «ትገዛለህ?» አሉት። «አይ» ብሎ ተመለሰ።

በዚያው ቀን ወደ ሀይማኖት ቤት ሄደ። በሩን የከፈተለት ቅዱስ ነው፤ ሁለቱ ባሉበት ሁሉንም ነገራት። መብራት እንዳልበላው፣ ራሱ እንደነካው፣ ነክቶም አልነካሁም ብሎ ለኤጀታ እንደዋሸ፣ እውነቱን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ኤጀታ በዚያው ስልክ «መልሰው» ይለው እንደነበር፣ ዲስኩ ሁለት ወር ሙሉ ደህና ሆኖ መደርደሪያ ላይ መቀመጡን፣ ትናንት በገዛ እጁ ለቆራሌው መስጠቱን። ቅዱስ አንድ ጊዜ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል እጁን ይዛ አስቀመጠችው።

«እሺ» አለች። «ሄዷል። አንተ ግን ስትገለብጠው ሰምተኸዋል። ምን አለ?»

«አልሰማሁም። ድምፁን ዘግቼው ነበር።»

«ለምን?»

«ከእሷ በፊት ሰው እንዳይሰማው አሉኝ።»

«ከንፈሩንስ አላየህም?»

«መጀመሪያውንና መጨረሻውን ነው ያየሁት።»

ሀይማኖት ወደ እሱ ጎንበስ አለች። «ጋሽ ለይኩን፣ አንድ ነገር ብቻ። መርቆኛል?»

ለይኩን እንደነገረኝ፣ «አዎ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። አንዲት ቃል። እሷ ታርፋለች፣ አክስቷ ዝም ይላሉ፣ እሱም ያርፋል። ግን ባለፈው የዋሸው ውሸት ምን እንዳመጣ ገና መንገሩ ነበር።

«አላውቅም» አላት። «ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አይቻለሁ።»

«አባዬ ባርኔጣውን የሚያወልቀው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለምና ሲቆጣ ነው» አለች። ከዚያ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ባልታወቀ ድምፅ፣ «አዎ ብትለኝ አምንህ ነበር እኮ» አለችው።

ይህ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኗል። ለይኩን ዛሬም ሠርግ ያነሣል፤ ካሴት የሚባል ነገር ቀርቶ እንኳ የሠራውን ሁሉ በሦስት ቦታ ያስቀምጣል። ኮምፒውተሩም ፈጣን ነው። ፊልም ሲገለብጥ ድምፁን ዘግቶ አያውቅም፤ መንገድ ላይ ሆኜ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ይሰማኛል። አሁንማ «ውጣ» የሚለው ሰው ቢመጣ፣ «ከወጣሁ አላነሣም» ይላል።

ሀይማኖት በዚህ ዳገት ስታልፍ ሰላም ትለዋለች። ሰላምታዋን ጨርሳ ትቆማለች፣ አንድ ነገርም ትጠይቀዋለች። «እጁን የት ነበር ያደረገው?» «ኮቱ ግራጫው ነበር ወይስ ጥቁሩ?» እሱ የሚያስታውሰውን ይነግራታል፣ እሷም አመስግናው ትሄዳለች። ባለፈው የገና ሰሞን፣ «መነጽሩንስ አድርጎ ነበር?» አለችው። አድርገው ነበር አላት። ከዚያ ሱቄ ገብቶ ተቀመጠ። ሽማግሌው መነጽር ይኑራቸው አይኑራቸው ማስታወስ አቅቶት፣ እኔን ጠየቀኝ። እኔም አላስታወስኩም።